ሕፃኑ የመስሚያ መሣሪያ ከተገጠመለት በኋላ፦ ወላጆች መስማቱን የሚከታተሉበት የአሠራር መመሪያ

አንድ ሕፃን የመስሚያ መሣሪያ በተገጠመለት ቀን ብዙ ወላጆች ዋናው ሥራ ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን መሣሪያው የተስተካከለው በዚያ ቀን ለነበረው ጆሮ ብቻ ነው። የሕፃን ጆሮ በፍጥነት ያድጋል፤ የጆሮው ቱቦ ሲሰፋ መሣሪያው ምንም ሳይለወጥ ታምቡሩ ዘንድ የሚደርሰው ድምፅ ይቀንሳል። ጉንፋን ሲይዘው መካከለኛው ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ይቋጠራል። የአንዳንዱ ልጅ የመስማት አቅምም በጊዜ ብዛት እየደከመ ይሄዳል። አዋቂ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመው «ዛሬ ጆሮዬ አልከፈተልኝም» ብሎ ይናገራል፤ የስምንት ወር ሕፃን ግን መናገር ስለማይችል ለውጡን ማስተዋል ያለበት አጠገቡ የሚውለው ሰው ነው።

በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሆነ የአራስ ሕፃናት የመስማት ምርመራ ስለሌለ ብዙ ልጆች መሣሪያ የሚያገኙት ዘግይተው፣ አንዳንዴም ከሁለትና ከሦስት ዓመታቸው በኋላ ነው። የዘገየውን ጊዜ መመለስ ባይቻልም፣ መሣሪያው ከተገኘ በኋላ ያለው ጊዜ ባልታወቀ ብልሽት እንዳይባክን ማድረግ ግን ይቻላል። ከዚህ በታች የሚቀርበው አሠራር በአንድ ሐሳብ ላይ ያርፋል። ልጁ ለበር መንኳኳት ወይም ለድስት ክዳን ጩኸት መዞሩ መሣሪያው በቂ መሆኑን አያሳይም፤ መፈተሽ ያለበት ንግግርን የሚሠሩት ለስላሳ ድምፆች በየቀኑ ለሁለቱም ጆሮዎች መድረሳቸው ነው።

ደረጃ 1፦ ከክሊኒኩ ከመውጣትዎ በፊት መነሻውን በእጅዎ ይያዙ

የሚከታተሉት ነገር ከየት እንደተነሣ ካላወቁ ለውጡን ሊለዩ አይችሉም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ጆሮ የምርመራ ውጤት ለየብቻ በወረቀት ይሰጥዎት ዘንድ ይጠይቁ። ችግሩ በውስጥ ጆሮ ወይም በነርቭ ላይ ያለ ነው ወይስ በመካከለኛው ጆሮ፣ ምክንያቱስ ታውቋል ወይ የሚሉትንም ጥያቄዎች አስመልሰው ይጻፏቸው፤ ምክንያቱ በኋላ ለምን እንደሚያስፈልግ በደረጃ 6 ይታያል።

ሌላው መጠየቅ ያለበት የመሣሪያው ድምፅ በምን ተለክቶ እንደተስተካከለ ነው። በሕፃናት ዘንድ ተቀባይነት ያለው አሠራር ቀጭን የመለኪያ ቱቦ በጆሮው ውስጥ አስገብቶ ታምቡሩ አጠገብ የሚደርሰውን ድምፅ መለካት፣ ከዚያም ለልጆች በተዘጋጀ ቀመር መሠረት ማስተካከል ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራባቸው ቀመሮች ሁለት ሲሆኑ፣ አንደኛው በካናዳ በዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ዲ ኤስ ኤል፣ ሁለተኛው በአውስትራሊያ ብሔራዊ የአኮስቲክ ላቦራቶሪ የተዘጋጀው ኤን ኤ ኤል ነው። ልኬቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሕፃን የጆሮ ቱቦ ጠባብ በመሆኑ ያው መሣሪያ በፋብሪካ መለኪያ ላይ ከሚያሳየው ይልቅ በሕፃኑ ጆሮ ውስጥ፣ በተለይ በቀጫጭን ድምፆች በኩል፣ ከ10 ዴሲቤል በላይ ጨምሮ ሊገኝ ይችላል። በግምት የተስተካከለ መሣሪያ ወይ የሚያንስ ወይ የሚያስፈራ ድምፅ ሊሰጠው ይችላል ማለት ነው።

ዕቃዎቹን በተመለከተ ለቤት ውስጥ ክትትል የሚበቁት ጥቂት ናቸው። እነርሱም የሐኪም ማዳመጫ የመሰለች መሣሪያውን የምታዳምጡባት ቱቦ (ስቴቶክሊፕ)፣ የባትሪ መለኪያ፣ የሞልዱን (በልጁ ጆሮ ልክ ተሠርቶ ጆሮው ውስጥ የሚገባውን ክፍል) ቱቦ የሚያደርቅ የአየር መንፊያ፣ እርጥበት የሚመጥ እንክብል ያለበት ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ፣ መሣሪያውን ከልብስ ጋር የሚይዝ ክር ከነማያያዣው ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ቤተሰብ የማዳመጫዋን ቱቦ ይግዛ እላለሁ።

ደረጃ 2፦ በየማለዳው መሣሪያውን ይፈትሹ

ፍተሻው ከሕፃኑ በፊት በመሣሪያው ይጀመራል፤ ምክንያቱም «ልጁ ዛሬ አልሰማም» የሚባለው ነገር በአብዛኛው ከባትሪ፣ ከእርጥበት ወይም ከተደፈነ ሞልድ የሚመጣ ነው።

በመጀመሪያ ባትሪውን ይለኩ። በመስሚያ መሣሪያ የሚገቡት ዚንክ ኤር የሚባሉት ባትሪዎች ከአየር ጋር ሲገናኙ የሚሠሩ ስለሆኑ፣ በላያቸው ያለውን ተለጣፊ ከላጡ በኋላ ከማስገባትዎ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ አየር እንዲያገኙ ያቆዩአቸው፤ ተለጣፊውን መልሶ መለጠፍ ባትሪውን አያድነውም። በልጆች መሣሪያ ላይ የሚገኙት በብዛት ቁጥር 13 ባለ ብርቱካናማ ተለጣፊው እና ቁጥር 675 ባለ ሰማያዊው ናቸው። ሲገዙ የሚያበቁበትን ቀን ያንብቡ፤ መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየ ባትሪ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። መሣሪያው በኃይል መሙያ የሚሠራ ከሆነና መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ፣ መብራት ባለበት ሰዓት ሁሉ የሚሞላ ተንቀሳቃሽ ባትሪ ቀድመው ያዘጋጁ።

እዚህ ላይ ከክትትሉ ጋር ባይያያዝም መዝለል የማይገባኝ ማስጠንቀቂያ አለ። እነዚህ ትንንሽ ባትሪዎች ለሕፃናት አደገኛ ናቸው። የባትሪ ክፍሉ በሕፃን እጅ የማይከፈት ክዳን ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ አሮጌውንም ባትሪ ቆጥረው ያስወግዱ። ልጁ ባትሪ ከዋጠ፣ ወይም በአፍንጫው ወይም በጆሮው ውስጥ ከከተተ፣ ሳያስመልሱት ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዱት።

ቀጥሎ በማዳመጫዋ ቱቦ መሣሪያውን በራስዎ ጆሮ ያዳምጡ። የራስዎን ድምፅ ዝቅ አድርገው እየተናገሩ ድምፁ ጥርት ያለ መሆኑን፣ ሳይቆራረጥና ሳይንሿሿ መውጣቱን ያጢኑ። ኃይለኛ መሣሪያ ከሆነ ጆሮዎን እንዳይጎዳ በቱቦው ላይ የሚገባ የድምፅ መቀነሻ ከባለሙያው ይጠይቁ። ትናንት ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ብቻ ነው የዛሬውን ለውጥ የሚለየው፤ ስለዚህ ይህን ሥራ በተቻለ መጠን አንድ ሰው በየቀኑ ቢያከናውነው ይመረጣል።

በመጨረሻ ሞልዱን ይመልከቱ። ቀዳዳው በኩክ ከተደፈነ በለሰለሰ ብሩሽ ያጽዱት፤ ቱቦው ውስጥ የውሃ ጤዛ ካለ ሞልዱን ከመሣሪያው ነቅለው በአየር መንፊያው ያድርቁት። መሣሪያውን ራሱን ፈጽሞ አያጥቡት፤ በምድጃ ዳርም በፀሐይም አያድርቁት። የጠነከረ፣ የተሰነጠቀ ወይም የገረጣ ቱቦ መቀየር አለበት።

መሣሪያው ልጁ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ካፏጨ የሚከተለውን ያድርጉ። ሞልዱን አውጥተው የድምፅ መውጫ ቀዳዳውን በጣትዎ ይድፈኑት። ፉጨቱ ካልቆመ ድምፁ የሚያመልጠው ከራሱ ከመሣሪያው ወይም ከቱቦው ነውና ወደ ጥገና ይሄዳል። ፉጨቱ ከቆመ ግን ድምፁ የሚያመልጠው በሞልዱና በጆሮው መካከል ነው፤ ሞልዱ በደንብ አልገባም፣ ጆሮው ኩክ ሞልቶታል፣ ወይም ከሁሉ ይልቅ በሕፃናት ላይ እንደሚደርሰው ጆሮው አድጎ ሞልዱ ጠቦታል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን አዲስ ሞልድ በየአንድና በየሁለት ወሩ ማስፈለጉ የተለመደ ነው። ፉጨቱን ለማስቆም ብሎ የመሣሪያውን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ግን ልጁን ከንግግር ድምፅ ማራቅ ነው፤ ይህ አሠራር ለአንድ ሁለት ቀን ካልሆነ በቀር ተቀባይነት የለውም።

ደረጃ 3፦ ስድስቱን ድምፆች ያሰሙት

መሣሪያው ደኅና መሆኑ ከታወቀ በኋላ ተራው የልጁ ነው። ዳንኤል ሊንግ የተባሉት መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህር ያዘጋጁት ባለ ስድስት ድምፅ ፍተሻ በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ሲሆን፣ ድምፆቹ ሁሉ በፊደላችን ውስጥ ያሉ ስለሆኑ ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ምንም ለውጥ አያስፈልገውም። እነርሱም «ም»፣ «ኡ»፣ «ኣ»፣ «ኢ»፣ «ሽ» እና «ስ» ናቸው። «ም» እና «ኡ» ወፍራሙን የድምፅ ክፍል ይወክላሉ፤ «ኣ» መካከለኛውን፣ «ኢ» ከወፍራሙም ከቀጭኑም የተውጣጣ ነው፤ «ሽ» ወደ ቀጭኑ ያመራል፤ «ስ» ከ4000 ሄርትዝ በላይ ያለውን በጣም ቀጭን ድምፅ ይወክላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይጥፋ። ልጁ በጸጥታ በአንድ ነገር እየተጫወተ ሳለ በጎኑ ወይም ከኋላው በግምት አንድ ሜትር ርቀት ላይ ይቀመጡ። አፍዎን በእጅዎ አይሸፍኑ፤ እጅ በተለይ የ«ስ»ን እና የ«ሽ»ን ድምፅ ያፍናል። ትንፋሽዎም አንገቱን እንዳይነካው ይጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ «ሽ» ሰማ የተባለው ልጅ የተሰማው ነፋሱ ነው። አንዱን ድምፅ በተለመደው የንግግር መጠን ያሰሙና ይጠብቁ። ቅደም ተከተሉን በየቀኑ ይቀያይሩት፤ በድምፅና በድምፅ መካከል ያለውን ጊዜም አንዴ ያስረዝሙት፣ አንዴ ያሳጥሩት፤ አልፎ አልፎም ምንም ሳይሉ ቆይተው ልጁ ያለ ድምፅ የሚዞር መሆን አለመሆኑን ይዩ። ይህ የዝምታ ሙከራ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ያለ እርሱ ግን በልማድ የሚዞረውን ልጅ ከሚሰማው መለየት አይቻልም። አንድ ሜትር ላይ ከተሳካ ሁለት፣ ከዚያም ሦስት ሜትር ያርቁት። ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ 6 ዴሲቤል ያህል ስለሚቀንስ፣ አንድ ሜትር ላይ ሁሉን የሰማ ልጅ ከክፍሉ ማዶ «ስ»ን ቢያጣ አያስደንቅም፤ ዋናው ነገር ይህ ርቀት ለእርሱ የት ድረስ እንደሆነ ማወቅዎ ነው።

በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ጆሮዎቹን ለየብቻ ይፈትሹ። ሌላኛው መሣሪያ ሞልዱ ጆሮው ውስጥ እንዳለ ይጠፋል። ሁለቱንም አብርቶ ብቻ መፈተሽ የአንዱን ጆሮ መዳከም ለወራት ሊሸፍነው ይችላል።

መልሱ በዕድሜ ይለያያል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ጡት መጥባቱን ያቆማል፣ ዓይኑን ያፈጣል፣ ትንፋሹ ይለወጣል ወይም ከለቅሶው ዝም ይላል፤ ይህን እንደ ፈተና ውጤት ሳይሆን እንደ ምልክት ይመዝግቡት። ከዚያ በኋላ ራሱን አዙሮ ይፈልጋል። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆን ድምፅ በሰማ ቁጥር ኳስ ወደ ባልዲ እንዲጥል ሊለማመድ ይችላል፤ ይህን ልምምድ በቤት መሥራት ለክሊኒኩ ምርመራም ትልቅ ዝግጅት ነው። ሦስት ዓመት ሲጠጋ የሰማውን ድምፅ መልሶ ይላል፤ ያን ጊዜ መስማቱን ብቻ ሳይሆን ለይቶ መስማቱን ያያሉ። ለምሳሌ «ኢ» ሲሉት «ኡ» ብሎ የሚመልስ ልጅ የ«ኢ»ን ወፍራም ክፍል ብቻ ሰምቶ ቀጭኑን እያጣ ሊሆን ይችላል።

ውጤቱን ሲተረጉሙ አይቸኩሉ። አንድ ቀን አንድ ድምፅ ማጣት ምንም አይደለም፤ ልጅ ይሰለቻል፣ ይርበዋል። ሁሉንም ድምፆች በአንድ ጊዜ ካጣ ወደ ደረጃ 2 ተመልሰው ባትሪውንና ሞልዱን ይዩ። ያንኑ አንድ ድምፅ ለሁለት ለሦስት ቀናት በተከታታይ ካጣ፣ መሣሪያውም ደኅና ከሆነ፣ ወደ ባለሙያው ይደውሉ።

ስለ ቀጫጭን ድምፆች እዚህ ላይ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ አማርኛ ብዙ ሸክሙን በእነርሱ ላይ ጭኗልና። «መጣ» እና «መጣች»፣ «ልጅ» እና «ልጆች»፣ «ቤትህ» እና «ቤትሽ» የሚለያዩት በቃሉ ጫፍ ላይ በሚገኝ ደካማና ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሰው በፍጥነት ሲናገር ደግሞ የቃል ጫፍ ይበልጥ ይላላል። ወፍራሙን ድምፅ ሁሉ የሚሰማ፣ ለስሙ የሚዞር፣ ቤተሰቡም «ደኅና ይሰማል» የሚለው ልጅ ይህን ጫፍ ሊያጣ ይችላል። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ የሆነውን ልጅ አንድ ልጅና ብዙ ልጆች ያሉባቸውን ሁለት ሥዕሎች አስቀምጠው፣ ከጎኑ ሆነው አንዴ «ልጁ የታለ?» አንዴ «ልጆቹ የታሉ?» ብለው ይጠይቁት። የሚመዘነው ግን መረዳቱ እንጂ አጠራሩ አይደለም፤ «ች»ን እና «ሽ»ን አጥርቶ መናገር ደኅና ለሚሰሙ ልጆችም ዘግይቶ የሚመጣ ነው።

ደረጃ 4፦ የሚያደርግበትን ሰዓት ይቁጠሩ

ግቡ ልጁ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ መሣሪያው ጆሮው ላይ መሆኑ ነው። ቀላል እስከ ከባድ የመስማት ችግር ያለባቸውን ልጆች ለዓመታት ተከታትሎ በአሜሪካ የተካሄደና በ2015 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ መሣሪያ የሚያደርጉ ልጆች በቋንቋ እድገታቸው ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን አሳይቷል። አብዛኛውን ቀን የሚተኛ ጨቅላ 10 ሰዓት አይደርስም፤ ለእርሱ መለኪያው የነቃበት ሰዓት ነው።

ዘመናዊ መሣሪያዎች የሠሩበትን ሰዓት በውስጣቸው ይመዘግባሉ፤ ባለሙያው ከኮምፒዩተር ጋር ሲያገናኘው በቀን በአማካይ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይታያል። ወላጆች በቅን ልቡና የሚናገሩት ሰዓት ከዚህ መዝገብ ከፍ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር ስላልሆነ በየቀጠሮው ቁጥሩን ራስዎ ይጠይቁ፤ ቁጥሩ ያነሰ እንደሆነ ለምን እንዳነሰ ለማወቅ ይረዳል።

ምክንያቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በየቤታችን ያሉ ናቸው። የታዘለ ሕፃን አንዱ ጆሮው ከእናቱ ጀርባ ጋር ስለሚጣበቅ መሣሪያው ያፏጫል፤ እናቲቱም ታወልቀዋለች፤ እስከ ማታ ሳይመለስ ይቀራል። ነቅቶ ባለበት ጊዜ በፊት ለፊት ማቀፍ፣ ሲተኛ ማዘል የተሻለ ነው። ሻሽና የሱፍ ቆብ የመሣሪያውን ማይክሮፎን ይሸፍናሉ፤ ልጁ መሣሪያውን እየነቀለ ካስቸገረ ስስ የጥጥ ቆብ ወይም የማያያዣው ክር ይሻላል። የሕፃኑ ራስ ቅቤ ሲቀባ፣ ገላው ሲታጠብ፣ ወይም ጠበል ሲጠመቅ መሣሪያው አስቀድሞ ይውጣ፤ ፀጉሩና ጆሮው ከደረቀ በኋላም ይመለስ። የሚመልሰው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረ ግን ማንም አይመልሰውም። እንግዳ ሲመጣ ወይም ለክርስትናና ለሠርግ ፎቶ ሲባል መሣሪያውን የሚያወልቁ ዘመዶች ክፉ አስበው አይደለም፤ ሆኖም ብዙ ሰው የሚያወራበት ቀን ልጁ ንግግር የሚማርበት ቀን መሆኑን አያትም አክስትም እንዲያውቁት በአክብሮት መንገር የወላጅ ድርሻ ነው።

ልጁ በድንገት መሣሪያውን መጥላት ከጀመረ ግን ባሕርይ ነው ብለው አይለፉት። ሞልዱ ቆዳውን አቁስሎት፣ ጆሮው ታምሞ፣ ወይም ከፍተኛ ድምፆች እየበዙበት ሊሆን ይችላል። የመኪና ጡሩምባ ወይም የብረት ድስት ድምፅ በተሰማ ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ የሚያለቅስ ከሆነ የመሣሪያው ከፍተኛ ገደብ እንደገና ሊለካ ይገባል።

ደረጃ 5፦ ደብተር ይያዙ

በዚህ ደብተር ላይ የልጁ ሁለት ዕድሜ ይጻፍ። አንደኛው የልደቱ ነው፤ ሁለተኛው መሣሪያውን ማድረግ ከጀመረበት ቀን የሚቆጠረው የመስማት ዕድሜው ነው። በሁለት ዓመቱ መሣሪያ ያገኘ ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ሊጠበቅበት የሚገባው የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ንግግር አይደለም። በሌላ በኩል የመስማት ዕድሜ ማለት ዝም ብሎ መጠበቅ ማለት አይደለም፤ ወራት ሲጨምሩ አዲስ ነገር መታየት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለድምፅ ጸጥ ማለትና መነቃቃት፣ ቀጥሎ ድምፁ ወደመጣበት መዞር፣ ከዚያ ለስሙ መልስ መስጠት፣ «ባባባ» እና «ማማማ» ያለ ድግግሞሽ፣ ቆይቶም ያለ እጅ ምልክት የተነገረውን መረዳት ይከተላሉ።

በየቀኑ ድርሰት አይጠበቅብዎትም። ቀኑ፣ ስድስቱ ድምፆች ለየጆሮው፣ መሣሪያው የዋለበት ሰዓት፣ ሕመም ካለ ሕመሙ ይበቃሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ እውነተኛ ክስተት ይጻፉ፤ «ከኋላው ሆና እኅቱ በሹክሹክታ ስትጠራው ዞረ»፣ «አባቱ ከደጅ ሲጠራው አልሰማም፣ ዝናብ ነበር» እንደሚሉት ያለ። ርቀቱ፣ ጫጫታው፣ የተናጋሪው አፍ መታየት አለመታየቱ ከተጻፈ ለባለሙያው «ጥሩ ነው» ከሚለው ወሬ እጅግ የሚበልጥ ማስረጃ ይሆናል። በክሊኒክ የሚሞሉ እንደ ሊትል ኢርስና ፒች ያሉ መጠይቆችም የሚጠይቁት ይህንኑ የቤት ውስጥ ሁኔታ ስለሆነ ደብተሩን ይዞ የሚመጣ ወላጅ በግምት አይሞላቸውም።

ደረጃ 6፦ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም የሚያሳዩባቸውን ሁኔታዎች ይለዩ

ጉንፋን ከያዘው በኋላ መስማቱ የቀነሰ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከታምቡሩ በስተጀርባ ፈሳሽ አለበት። ፈሳሹ ሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ቲምፓኖሜትሪ በሚባለው የመካከለኛ ጆሮ ምርመራ ይታይ። ከጆሮው መግል ከወጣ መሣሪያውን ከዚያ ጆሮ አውጥተው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የአንገት በላይ ሐኪም ያሳዩት፤ በሌላኛው ጆሮ መስማቱ እንዳይቋረጥ ግን ያኛው መሣሪያ አይውጣ። ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ ወይም ሌላ ነገር በጆሮው ውስጥ አያንጠባጥቡ፤ ታምቡሩ ቀዳዳ ካለው ፈሳሹ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ጆሮው ንጹሕ ሆኖ፣ መሣሪያውም ደኅና ሆኖ ልጁ በድንገት መስማት ካቆመ ቀጠሮ አይጠብቁ። የአንዳንድ ልጆች መስማት ከሌሎች ይልቅ የመድከም ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በእናቱ ማሕፀን ሳለ በሳይቶሜጋሎቫይረስ የተያዘ፣ የውስጥ ጆሮው ቦይ ከተፈጥሮ የሰፋ፣ በቤተሰቡ እየባሰ የሚሄድ የመስማት ችግር ያለ ልጅ ከእነዚህ ይቆጠራል። የውስጥ ጆሮ ቦዩ ለሰፋ ልጅ የራስ ምት ብቻውን መስማቱን ሊያወርደው ስለሚችል ከመውደቅ ይጠበቅ። ማጅራት ገትር ከታመመ ደግሞ ሕመሙ እንዳለፈ መስማቱ በአስቸኳይ ይለካ፤ በሽታው ኮክሊያ የሚባለውን የውስጥ ጆሮ የመስሚያ ክፍል በሳምንታትና በወራት ውስጥ ወደ አጥንትነት ሊለውጠው ስለሚችል፣ የኮክሊያ ተከላ (በቀዶ ሕክምና በውስጥ ጆሮ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ) የሚያስፈልገው ቢሆን የዘገየ ቀዶ ሕክምና ይከብዳል። ለማንኛውም ሕመም ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ልጁ የመስማት ችግር እንዳለበት አስቀድመው ይናገሩ፤ ጄንታማይሲን፣ አሚካሲንና ስትሬፕቶማይሲን የተባሉት መርፌዎች ነፍስ የሚያድኑ ቢሆኑም የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ስለሚችሉ ሐኪሙ አማራጭ ካለው ያስባል፣ ከሌለውም መስማቱን እያስለካ ይሰጣል።

ደረጃ 7፦ ቀጠሮውን ይጠቀሙበት

የተለመደው የባለሙያዎች ምክር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቢያንስ በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ በኋላ በየአራት እስከ ስድስት ወሩ መታየት ነው። ኦዲዮሎጂስቶች (የመስማት ምርመራና የመስሚያ መሣሪያ ባለሙያዎች) ጥቂት በሆኑበትና አብዛኞቹም በአዲስ አበባ በሚገኙበት አገር ይህን ጠብቆ መመላለስ ለክፍለ ሀገር ቤተሰብ ከባድ ነው። እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ ሆስፒታሎች የአንገት በላይ ክፍል የሚደረገውን የሐኪም ምርመራና የመሣሪያውን ማስተካከያ በአንድ ጉዞ ማያያዝ፣ የሞልድ ልክ በዚያው ጉዞ መስጠት፣ በመካከል ያለውን ጊዜ የስድስቱን ድምፆች ፍተሻ በስልክ ቀርጾ ለባለሙያው በመላክ መሙላት የሚቻል ነገር ነው። የሚቀነስ ነገር ካለ የሌላው ይቀነስ እንጂ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ቀጠሮ አይዝለል።

ምርመራው ራሱ ከዕድሜ ጋር ይለወጣል። ስድስት ወር ገደማ እስኪደርስ ድረስ ሕፃኑ ተኝቶ የነርቩ ምላሽ በራሱ ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች ይለካል። ከዚያ እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ወደ ድምፁ ሲዞር ብርሃን ያለው አሻንጉሊት እያሳዩ፣ በኋላም ኳስ እየጣለ በጨዋታ ይመረመራል። ልጁን በእንቅልፉና በምግቡ ሰዓት አይውሰዱት፤ በምርመራው ክፍል ውስጥ በጭንዎ ላይ አስቀምጠውት ድምፁን እርስዎ ሲሰሙ እንዳይነቃነቁ፣ ወደ ድምፁም እንዳያዩ ይጠንቀቁ።

ከመውጣትዎ በፊት የሚከተሉት መመለሳቸውን ያረጋግጡ። የሁለቱም ጆሮ መስማት ለየብቻ ተለክቷል ወይ? ካለፈው ጋር ሲነጻጸር ተለውጧል ወይ? አዲስ ሞልድ ከተሠራ ድምፁ በጆሮው ውስጥ እንደገና ተለክቶ ተስተካክሏል ወይ? ዝቅ ያለ ንግግር፣ መደበኛ ንግግርና ጩኸት በየፊናቸው ምን ያህል ይደርሱታል? መሣሪያውን አድርጎ በክፍል ውስጥ የሰማውን ትንሹን ድምፅ ብቻ የሚያሳይ ወረቀት ይህን የመጨረሻ ጥያቄ አይመልስም።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች አሠራሩ ያው ሆኖ አገልግሎቱ ይሰፋል። በአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት እስከ ሦስት ዓመታቸው በፌዴራል ሕግ የተደነገገ የቅድመ ጣልቃ ገብነት አገልግሎት ያገኛሉ፤ ሦስተኛ ዓመት ልደቱ ሲቃረብ ወደ ትምህርት ቤት ሥርዓት የሚዛወርበት ስብሰባ እንዳያመልጥዎ ይከታተሉ። በእስራኤል ሚሐ የሚባሉት ማእከሎች ለመስማት ችግር ላለባቸው ሕፃናት ያገለግላሉ። በየትኛውም አገር ቢሆን አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ታላቅ ልጅዎ አያስተርጉም። በቤት የሚነገረው አማርኛ ልጁን ግራ ያጋባዋል ተብለው እንዲተዉት ቢመከሩ አይቀበሉ፤ ወላጅ አጥርቶና አብዝቶ የሚናገረው በሚችለው ቋንቋ ነው፤ ልጁም የሚያስፈልገው ይህ ነው።

መሣሪያው በትክክል ተስተካክሎ፣ ቀኑን ሙሉ እየተደረገ፣ ደብተሩ ለወራት ምንም እድገት ካላሳየ ጥያቄው ከመሣሪያው ወደ አማራጭ ይሸጋገራል። የኮክሊያ ተከላ ለዚህ ልጅ ይሆናል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ጎን ለጎንም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን፣ በውጭ ለሚኖሩም የዚያን አገር ምልክት ቋንቋ፣ ቤተሰቡ መማር ይጀምር። የአንዱ መጀመር ሌላውን አይዘጋም፤ ልጁም ውሳኔ እስኪያገኝ ያለ ቋንቋ መቆየት የለበትም።

ልጁ ሕፃናት ማቆያ ወይም መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ የማለዳው ፍተሻ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገዋል። ለመምህሯ ባትሪ መቀየርንና ሞልድ ማስገባትን በእጇ አሠርተው ያሳዩአት፤ ልጁ ከሰሌዳው አጠገብ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ እንዲቀመጥ ይነጋገሩ፤ ትርፍ ባትሪ በልጁ ቦርሳ ሳይሆን በእርሷ መሳቢያ ይቀመጥ፤ ደብተሩም ከልጁ ጋር ሄዶ ይመለስ።